«ሂድ» የማትለው ትኬት ቆራጭ

ትኬት ቆራጯ በቁራጭ ሻማ የአውቶቡሱን መስኮቶች መንሸራተቻ እያሸች ነው። አሽታ አሽታ መስታወቱን በአንድ ጣቷ ትገፋዋለች፤ ሸርተት ካላለ እንደገና ታሻለች። ጋራዡ በሙሉ ሥራ ፈት ይላታል። እሷ ግን የመጨረሻው መስኮት እሺ ሳይላት ትኬቷን አታነሳም።

ተሳፋሪው «ወይዘሮ ንፋስ» የሚል ስም አውጥቶላታል። ቀንደኛ ባላንጣዋ ባለ ኮፍያው ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው መስኮቱን ይዘጋሉ፤ እሷ ትከፍታለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ በብርድ ልትፈጂኝ ነው?»

«አባባ፣ ንፋስ ገብቶ ይወጣል። ሳል ግን አንዴ ከገባ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ትኬትም አይቆርጥ!»

ይህን ያስተማራት የራሷ ሳንባ ነው። ቲቢ ይዟት መድኃኒት ጀምራ ነበር። ሳሉ ሲተዋትና ጉንጯ ሞላ ሲል «ድኛለሁ» አለችና ክኒኑን አበባ ማሰሮ ውስጥ ትቀብር ጀመር። አበባው ደረቀ፤ እሷም ተከትላው ከመድረቅ ለጥቂት ተረፈች። በሽታው ሲመለስ መድኃኒቱን ተላምዶታል፤ የጎረቤት ውሻ ለለመደው ሰው እንደማይነሳ፣ ቀና ብሎም አላየው። ሌላ ከባድ መድኃኒት ታዘዘላት። ያቅለሸልሻታል፣ ጆሮዋ ይጮህባታል። ልጇ እንዳይጋባባት አክስቷ ቤት ተላከች፤ እናትየው እስክትድን እናትና ልጅ በአጥር ላይ እየተያዩ ከረሙ።

ዘንድሮ ተራው የሾፌሩ ሆነ። ክንዱን እያሳየ ስለማይጠግብ «ጡንቻው» ይሉታል። ሲያስለው ጊዜ እየጎተተች ሐኪም ቤት የወሰደችው እሷው ናት። ቲቢ ተገኘበት፤ ደግነቱ የተለመደው መድኃኒት የሚያድነው ዓይነት ነው። ቤቱ ከርሞ ነርሷ «ከእንግዲህ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ሥራህን ግባ፤ ክኒኑን ግን እኔ በቃህ እስክልህ እንዳታቆም» ብላ ለቀቀችው።

አንድ ጠዋት የሾፌሩን ወንበር ስትወለውል ከትራሱ ሥር ክኒን አገኘች። አንድም አይደል፣ እፍኝ የሚሞላ!

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ድኛለሁ እኮ እትዬ! እስቲ ይቺን ንኪያት!» አለና ክንዱን አሳበጠ።

ያቺ የራሷ ቃል! ይህ ልጅ በሽታውን መድኃኒት ሊያለማምደው ነው። ያን ጊዜ እሱም ሊያልቅ ነው፤ ከኋላው የተጫነው ሰው ሁሉም ሳሉን ሊጋራ ነው።

አውቶቡሱ ሞልቷል። ሾፌሩ የኋላውን በር ስለማያይ፣ እሷ የአውቶቡሱን ጎን መታ መታ አድርጋ «ሂድ» ካላለች አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ውሃና አንድ ክኒን ፊቱ አስቀመጠችና በሩ ዘንድ ሄዳ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«ሂድ በይው እንጂ!» አለ አንዱ።

«እሺ ካላለኝ አልልም።»

«ምን ጠይቀሽው ነው?»

«እሱ ያውቃል።» የሰው ሕመም አደባባይ አይወጣም ብላ አፏን ያዘች።

ተሳፋሪው የመሰለውን መገመት ያዘ። «ጋብቻ ነው፤ አፍራ እኮ ነው» አለች አንዲት ወይዘሮ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አንተ ልጅ፣ ሥራ ረፈደብን፤ እሺ በላትና ንዳው!»

«እሺ በላት! እሺ በላት!» አውቶቡሱ አንድ አፍ ሆነ።

«እናቴ ትሆናለች እኮ!» ጡንቻው ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ፍቅር ዕድሜ አይመርጥም!» አሉ ሽማግሌው።

ሾፌሩ ይህን ወሬ የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ገባው። ክኒኑን አንስቶ ዋጠ። እሷም መጥታ አጎንብሳ አየችው።

«አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ።»

«ከአሁኑ እንዲህ ከሆነች...» አሉ ሽማግሌው፤ አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። እንዲያ ሲስቁ ሞቃቸው መሰለኝ፣ መስኮታቸውን በገዛ እጃቸው ከፈቱ። እሷም ጎኑን መታ መታ አድርጋ «ሂድ!» አለች።

በምሳ ሰዓት ራሷ ይዛው ነርሷ ዘንድ ሄደች፤ የዘለለውን ሁሉ አናዘዘችው። አክታው ተመረመረ። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ድረስ የትኬት መልስ እያሳሳተች ሰነበተች። በሽታው መድኃኒቱን ገና አልተላመደውም ተባለ፤ በጊዜ ደርሰውበታል። ከዚያ ወዲህ ያ አውቶቡስ ሾፌሩ ሳይውጥ ተነሥቶ አያውቅም። ሽማግሌውም ሰርጉ መቼ ነው ሳይሉ ወርደው አያውቁም።

ይህን ለምታነቡም አደራ ብላችኋለች። ከቤታችሁ ክኒን የጀመረ ሰው «ድኛለሁ» ሲላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ውሃውን ግን አቅርቡለት። እስኪውጥ ድረስም፣ እባካችሁ፣ «ሂድ» አትበሉት።