ሽማግሎቹን ገፈርሳ ዳር የተቀበልንበት እሁድ

የዋና ከተማው ማስተር ፕላን ባስነሳው ረብሻ ሰሞን የአምቦ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን በድንጋይ ይዘጋል። እኔን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሎች ከሆለታ ይመጣሉ የተባለው እሁድም እንደተዘጋ ነጋ።

አባቴ ፊቱ ፈካ። እኔን ለመዳር ልቡ አልቆረጠም ነበር። «ወጉ ነው፤ ዘመድ እናማክር ብዬ ሁለቴ ሳልመልሳቸውማ አልሰጥም» እያለ ሲዝት ሰንብቷል። በዚያ መንገድ ሦስቴ ተመላልሰው እስኪወስዱኝ እኔ ራሴ ሽማግሌ መሆኔ ነው! የምወደው ሰው ሆለታ አበባ እርሻ ውስጥ ይሠራል፤ ዛሬ ካልሆነ ነገሩ እንዲሁ ይቀራል ብዬ ተጨነቅኩ። አባቴ ግን፣ «ነይ፣ እግራችንን እናፍታታ» ብሎ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ይዞኝ ወጣ።

አቀበቱ አጭር ነው፤ ላብ እንኳ አያስወጣም። ባሕር ዛፎቹን እንዳለፍን የገፈርሳ ሐይቅ ወለል ብሎ ታየ። በአንድ በኩል የቡራዩ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ በሌላው ያልታጨደ ስንዴና ከሩቅ የመናገሻ ተራራ። ተወልጄ ያደግኩበት ነው፣ ግን አይቼ አልጠግበውም። መኪና ስላልነበረ የዳክዬዎቹ ጫጫታ እስከ ላይ ድረስ ይሰማል። ጭንቀቴም ረገብ አለልኝ።

ቀድሞ ያያቸው አባቴ ነው። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሎች በውሃው ዳር ይመጣሉ፤ አንደኛው ክፉኛ ያነክሳሉ።

«ከሆለታ በእግራቸው?» አለ።

ሽማግሌ የሚጠበቀው ቤት ቁጭ ተብሎ ነው፤ የሴት አባት ወጥቶ አይቀበልም። እሱ ግን ቁልቁለቱን ተያያዘው። እኔም መታየቴ ነውር መሆኑን እያወቅኩ ተከተልኩትና መንገዱ አጠገብ ካለ ዛፍ ጀርባ ተሸሸግኩ።

የሚያነክሱት ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ አረፍ ብለዋል። ልጅ የሚጠየቀው ተቁሞ ነውና፣ አባቴን ሲያዩ በባዶ እግራቸው ለመነሳት ተንደፋደፉ።

«በገ ነጋን ዱፍተን! እንኳን በደህና መጣችሁ» አለ ትከሻቸውን ይዞ። «ታኣ፣ ታኣ፣ ይቀመጡ እንጂ! ይህን ያህል በእግሩ የመጣ ሰው ሄደህ ተመለስ አይባልም። ልጅቷ የእናንተው ናት።»

ሽማግሎቹ ተዘጋጅተው የመጡበትን ንግግር ገና አልጀመሩም፤ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ደስታዬ ገደብ አጣ፤ እንዳልጮህ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

«አሁን ደግሞ እኔ ልለምናችሁ» አለ አባቴ። «ልጄን፣ መንገድ ሲዘጋ በእግሬ የምደርስበት ቦታ አኑሩልኝ።»

ከዛፉ ጀርባ ወጣሁና፣ ሽማግሎቹ እያዩኝ፣ የአባቴን እጅ ያዝኩ።