የማሲንቆ ሙጫ

ሙዳዬን ስከፍት መጀመሪያ የሚመጣው የሙጫዋ ሽታ ነው። ባቄላ የምታክል ጥቁር ሙጫ ናት፤ ዛሬም በጣት ሲያሿት ትሞቅና ትጣበቃለች። ትናንት ለሠርግሽ ኪቦርድ ይሁን ባንድ እያልሽ ስትጨነቂ አይቼሽ አወጣኋት። እኔ አያትሽም በአንቺ ዕድሜ የሠርግሽን ሙዚቃ ምረጪ ተብዬ ነበር። ደስ ብሎኝ የመረጥኩ እንዳይመስልሽ።

ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። አባቴ በዚያ በየካቲቱ እልቂት ጊዜ ሰንጋ ተራ በሬ ሊሸጥ እንደወጣ ቀረ። ሬሳው አልተገኘም። ለቅሶ መቀመጥም ያስጠይቅ ስለነበር አልተቀመጥንም። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ስሙን ድምፅ አውጥቶ የጠራ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ምንም አይሰማኝም ነበር። ሲያናግሩኝ እመልሳለሁ፣ ሲሰጡኝ እበላለሁ፣ በቃ።

ጋብቻውን አባቴ በሕይወቱ ሳለ ተስማምቶበት ስለነበር በጥር ይሁን ተባለ። አንድ ቀን የሙሽራው አጎት ልደታ ሰፈር ካለው ቤታችን ድረስ መጡና መደቡ ላይ ከእናቴ ጎን ተቀመጡ። ጣሊያኖች መጠጥ ቤት አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው አግኝተዋል። ፈቃድ አለው፣ ማንም አይነካውም።

«ማሲንቆው ይቅርብን፣ እሜቴ» አሉ። «ጣሊያኖቹ አዝማሪ ሲያገኙ የሚያደርጉትን እርስዎም ያውቃሉ። ደግሞ የአዝማሪ አፍ አያርፍም።»

«እኔ የምፈልገው አፉን ነው» አለች እናቴ።

በእኛ ወግ አዝማሪ ሙሽራዋ ቤት ዳስ ሲገባ የሙሽራዋን አባት በስሙ ጠርቶ ያወድሳል። አባትየው ብድግ ይልና ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ሳይጠራ ከቀረ ልጅቷ አባት የላትም እንደማለት ነው። እናቴ የአባቴን ስም አንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ መስማት ፈለገች። አጎትየው የፈሩትም ይህንኑ ነው። በየካቲት የጠፋ ሰው በአዝማሪ አፍ ሲወደስ ባንዳ ከሰማ፣ አዝማሪውም ይሞታል፣ ቤቱም ይቃጠላል። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ሲከራከሩ ቆዩና አጎትየው ደከማቸው።

«እንግዲህ ሠርጉ የሷ ነው፤ እሷ ትናገር።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ በመስኮቱ በገባው ብርሃን ውስጥ የጤፍ ብናኝ ሲንሳፈፍ እያየሁ ነበር። «ማሲንቆው ይምጣ» አልኩ። ጀግንነት አይደለም። አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰው አባቴን አያውቀውም ብዬ ነው እንጂ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

ማሲንቆ መቺው በእናቴ ሠርግም የተጫወተ ሽማግሌ ነበር። አዝማሪ መታደን ከጀመረ ወዲህ ማሲንቆውን ጣራው ሥር ሸጉጦ፣ በአብነት በኩል እንጨት እየተሸከመ ያድር ነበር። በሠርጉ ቀንም ማሲንቆውን በማገዶ ሸክሙ ውስጥ ደብቆ መጣ። ዳሱ እርጥብ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። አጥሩ ጋ ሁለት ባንዳዎች ቆመው የሰጠናቸውን ጠጅ ይጠጣሉ።

ሽማግሌው የመምቻውን ጭራ በሙጫ አሸት አሸት አደረገና ቀስ ብሎ ጀመረ። እኔን አወደሰ። እናቴን አወደሰ። ከዚያ የአባቴ ተራ ደረሰና ጭብጨባው በራሱ ቆመ። ከባንዳዎቹ አንዱ ዋንጫውን እንደያዘ ወደ ዳሱ አንገቱን አሰገገ።

ሽማግሌው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ከአፉ ድምፅ ሳያወጣ ጭራውን ብቻ ሳበ፤ አንድ ስም ከነአባቱ ለመጥራት የሚበቃ ያህል ረጅም ስቦ መለሰው። ደግሞ ሳበ። ቃል የለም፣ ማሲንቆው ብቻ ነው። ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ግን ያንን ስም በልቡ እንደጠራ ዛሬም እምላለሁ።

እናቴ ተነሣች። በአባቴ ፈንታ ሄዳ የሽማግሌው ግንባር ላይ ብሩን ለጠፈችና ተመልሳ ተቀመጠች። አጎትየው ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያያሉ። ባንዳው ጠጁን መጠጣቱን ቀጠለ። ማንም አላለቀሰም፤ እኔም አላለቀስኩም።

ሽማግሌው ሊሄድ ሲል ወደ ተቀመጥኩበት ጠጋ ብሎ ይህችን ሙጫ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ያዥልኝ፣ ልጄ። ያለ እሷ ማሲንቆዬ አይናገርም። ጣሊያን ሲወጣ መጥቼ ስሙን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። እስከዚያ መያዣ ትሁንሽ።»

ጣሊያን ወጣ። እናቴ ማሲንቆ በሰማች ቁጥር ሥራዋን ጥላ በር ላይ ትወጣ ነበር፤ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ሽማግሌው የት እንደወደቀ የሚያውቅ አላገኘንም። እናቴም እንዲሁ በር በሩን እንዳየች አለፈች። እኔ ለአባቴ ያለቀስኩት በእናቴ ቀብር ነው፤ ለሦስቱም አንድ ላይ።

ኪቦርድም አምጪ፣ ባንድም አምጪ፣ ለኔ አንድ ነው። ግን ዘፋኙን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ስም ሲሰጡት ጮክ ብሎ ይጠራል? የሚጠራ ከሆነ የአባቴን ስም እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ብሩን ለመለጠፍም እኔ እነሣለሁ።