አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ

በልጅነታችሁ ደጋግማችሁ ያያችሁትን ፊልም ከብዙ ዓመት በኋላ አግኝታችሁ፣ ልትከፍቱት የተዘረጋው እጃችሁ መልሶ ተሰብስቦ ያውቃል? እኔ የሚያስፈራ ፊልም ሲባል ጭራቅና ደም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ያስፈራችኝ ስልኬ ላይ ያለች አንዲት ቀይ መስመር ናት።

መስመሯን ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው። እዚህ ሜልበርን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የእኛኑ የሐበሻ ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ። እኔ ሰንሻይን ዌስት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ወላጆቼ ፍሌሚንግተን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ናቸው። አባቴ ጡረታ ሲወጣ የድሮ ፊልሞች የሚያሳይ አፕ ቴሌቪዥናቸው ላይ ጫንኩለት። አካውንቱ የኔ ስለሆነ እሱ ያየው ሁሉ የእኔም ስልክ ላይ ይታያል። ከእያንዳንዱ ፊልም ሥር ቀይ መስመር አለች፤ የት እንደደረሰ ታሳያለች። ፊልሙ ሲያልቅ መስመሯ ትሞላለች።

አባቴ የጥቁርና ነጭ ፊልም ሰው ነው። አዲስ አበባ ወጣት ሳለ ሲኒማ ቤት ያየውን ለሰፈሩ ልጆች ይተርክ ነበር፤ የመግቢያ ገንዘብ የሌላቸው ፊልሙን ከእሱ አፍ ነበር የሚያዩት። ሜልበርንም ልማዱ አልለቀቀውም። ድምፁን ይቀንስና ለእናቴ በአማርኛ ይተረጉምላታል። ሴት ስትናገር ድምፁን ያቀጥናል፤ ክፉው ሰውዬ ብቅ ሲል ገና አፉን ሳይከፍት ይሰድበዋል።

ከሁሉም አብልጦ የሚወደው የአንድ ሰዓት ሠሪ ታሪክ ነው። ሰዓት ሠሪው ባልሠራው ሌብነት ይከሰሳል፤ አንዲት የማያውቃት ሴት ትመሰክርለታለች። ፊልሙን አፑ ውስጥ ሳገኘው ወዲያው ደወልኩለት።

“አገኘሁት!”

“ማንን?”

“ሰዓት ሠሪውን!”

“አሁንም እስር ቤት ነው?” ብሎ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። የሰዓት ሠሪው ፊልም መስመር አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ቆማለች። ማክሰኞም እዚያው ናት። የታዩ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ ገብቼ ቀኖቹን ቆጠርኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊልሙ ዘጠኝ ጊዜ ከመጀመሪያው ተጀምሯል፤ ዘጠኝ ጊዜም እዚያችው ደቂቃ ላይ ቆሟል።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ከመሞቱ በፊት በቪዲዮ ስናነጋግረው፣ አንድ ወሬ ጨርሶ ያንኑ እንደገና ይጀምረው ነበር። በመጨረሻ አባቴን፣ “አንተ የማን ልጅ ነህ?” አለው። አባቴ ስልኩን ለእናቴ አቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ እዚያም ብዙ ቆየ።

እንደ ልማዴ ወረቀት አውጥቼ ምክንያቶቹን በተራ ጻፍኩ። አንደኛ፦ እንቅልፍ እየወሰደው ይሆናል። ግን ዘጠኝ ጊዜ በአንድ ደቂቃ? ሁለተኛ፦ ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ ይሆናል። ኢንተርኔት ደግሞ እንዲህ ቦታ መርጦ አይቆረጥም። “ሦስተኛ” ብዬ ጻፍኩና አጠገቡ ምንም ሳልጨምር ወረቀቱን አጠፍኩት።

በዚያ ሳምንት ሁሉም ነገር ማስረጃ ሆነብኝ። እናቴን ደህንነቱን ስጠይቃት፣ “ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ቁልፉን ፍሪጅ ላይ አስቀምጦ ቤቱን ሲያምሰው ዋለ” አለችኝ። ቁልፍ የማይጠፋበት ሰው የለም፤ እኔ ራሴ በወር ሁለቴ ይጠፋብኛል። የአባቴ ቁልፍ ግን አስፈራኝ። ሐሙስ ስደውልለት ስለ ክፍሌ ልጆች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጠየቀኝ። አሁንም ነገርኩት፤ ድምፄ እንዳይለወጥ እየተጠነቀቅኩ። “አባዬ፣ እየረሳህ ነው ወይ?” ማለት መርዶ እንደማርዳት ሆነብኝ። እኛ ቤት ክፉ ነገር ስሙ አይጠራም፤ ዙሪያውን ብቻ ይዞራል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እነሱ ጋ ሄድኩ።

“ሰዓት ሠሪውን አብረን እንይ” አልኩት።

“እግዚኦ!” አለች እናቴ። “ያ ምስኪን ዛሬም ሊከሰስ ነው?”

እኔ ያየሁት ፊልሙን ሳይሆን አባቴን ነው። እያንዳንዱን ቃል ተዋናዩ ሳይናገር ቀድሞ ይተረጉማል፤ አንድም አልሳተ። ልቤ ቀስ በቀስ መለስ አለ። ከዚያ ዳኛው ፍርዱን ሊያነብ ብድግ ሲል፣ አባቴ ሪሞቱን አንስቶ ተጫነው። ዳኛው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

“ለምን አቆምከው?”

“ከዚህ ወዲያ የለም።”

“አባዬ፣ አለ እኮ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል።”

“ካሴቱ ላይ የለም።”

“ይሄ ካሴት አይደለም።”

“ካሴት አለመሆኑን አውቃለሁ! አላበድኩም።”

እናቴ ሳቋን ለቀቀችው። “ክርስትናው ነዋ! ረሳሽው እንዴ?”

ረስቼዋለሁ። የረሳሁት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆች ሳለን አባቴ ይህን ፊልም ከቴሌቪዥን በቪዲዮ ካሴት ቀድቶት ነበር። ካሴት ጀርባው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለው፤ እሷን ከሰበሯት ሌላ ነገር አይቀዳበትም። አባቴ አልሰበራትም። እኛ ቤት ደግሞ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፦ ሠርግና ክርስትና ያለበት ካሴት ላይ በአማርኛ ይጻፋል፤ አማርኛ የሌለበት ካሴት እንደ ባዶ ይቆጠራል። አባቴ በእንግሊዝኛ ነበር የጻፈበት። አንድ ቀን ፊልሙን ዳኛው ብድግ እስኪል አይቶ፣ ሳያጠነጥነው ወደ ፋብሪካ ሺፍቱ ሄደ። በዚያው ቀን የእናቴ ወንድም የታናሽ ወንድሜን ክርስትና ከካሜራው ሊገለብጥ መጣና፣ አማርኛ የሌለበትን ካሴት መርጦ ከቆመበት ቀጠለ።

ስለዚህ በልጅነታችን ዳኛው ፍርድ ሊሰጥ ሲነሳ ወንድሜ ይጠመቃል፤ እየጮኸ፣ እንደ ቲማቲም ቀልቶ። አባቴ ቴሌቪዥኑን ያጠፋና መጨረሻውን በአፉ ይተርክልናል። ወንድሜና እኔ ያንን መጨረሻ በዓይናችን አይተነው አናውቅም።

“ታዲያ አሁን እያለልህ ለምን አታየውም?” አልኩት።

ሪሞቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። “ነፍሱን ይማረውና፣ ወንድሜ የሚያወራው ሁሉ ልክ ይመስለው ነበር” አለ። “እየሳተ መሆኑን አያውቅም። እኔ ይህን መጨረሻ ዕድሜዬን ሙሉ ስተርክ ኖርኩ። ተሳስቼ ከሆነስ? ደጋግሜ ዛሬስ አየዋለሁ ብዬ እጀምራለሁ፤ እዚህ ስደርስ ጣቴ እምቢ ይለኛል።”

ለካ እኔ ባዶ የተውኩትን ሦስተኛ ቁጥር እሱም ተሸክሞት ኖሯል።

ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ። “ንገረኝ፤ ልጻፈው። ከዚያ እናያለን።”

“መጣች እሜቴ መምህርት ከነፈተናዋ” አለ፤ ግን ነገረኝ። አንድ፦ ሰዓት ሠሪው በነፃ ይለቀቃል። ሁለት፦ ውጭ ዝናብ ይዘንባል። ሦስት፦ የመሰከረችለት ሴት ከፊቱ ደረጃውን እየወረደች ነው። አራት፦ እሱ ባርኔጣውን ያወልቅላታል። አምስት፦ እሷ አትዞርም።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚተርከው?” ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

“አንዲት ቃል ለውጦ አያውቅም፤ ሰልችቶኛል።”

“ልጫነው?”

“ቆይ።” ውኃ ጠጣ። “በይ ተጫኚው።”

አሥራ ስምንቱን ደቂቃ አንድ ቃል አልተረጎመም። በዚያ ቤት ፊልም በጸጥታ ሲታይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ሰዓት ሠሪው ተለቀቀ። ዝናቡ ወረደ። ሴትዮዋ ከፊቱ ደረጃውን ትወርዳለች። ባርኔጣ ግን አልነበረውም፤ ጭንቅላቱ እየበሰበሰ ቆመ። ሴትዮዋም ዞረች።

“ዞረች!” አለች እናቴ።

ፊቱን ለማየት ፈራሁ።

“ይህን ሁሉ ዓመት እንዳትዞር ከልክዬ አኖርኳት” አለ ቀስ ብሎ።

“ምስኪን፣ አንገቷ ሳይደርቅ አይቀርም!” አለች እናቴ።

ሳቅን። እኔም ማስረዳት ጀመርኩ፦ ስህተቱ ዛሬ የመጣ አይደለም፣ ከጥንትም ያው ነው፣ ከአምስቱ ሦስቱ ልክ ነው...

“ማርክ አትስጪኝ” አለ። “ይልቅ ሐሙስ ዕለት ስለ ልጆችሽ ስንት ጊዜ ጠየቅኩሽ?”

“ሁለት ጊዜ።”

“ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የታወቀኝ። ሐኪም ቡክ አድርጊልኝ።”

እዚያው ተቀምጬ ቡክ አደረግሁ። ቀኑ ገና አልደረሰም፤ ፍርሃቱም አልሄደም። አሁንም በምሳ ሰዓት መስመሯን አያለሁ፤ ስትሞላ እተነፍሳለሁ። ልዩነቱ አሁን ፍርሃቱን ሁለት ሆነን መሸከማችን ነው። እኔም በራሴ ሞክሬው፣ በቃሌ አውቀዋለሁ ከምለው ፊልም ከአምስት ሁለት ብቻ አገኘሁ፤ ገና ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። የምታውቁትን የድሮ ፊልም ክፈቱና መጨረሻው ሲቃረብ አቁሙት። ቀጥሎ የሚሆነውን በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ እዩት። በወላጆቻችሁ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ በራሳችሁ፣ ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ። ወረቀቱ ላይ ቀኑን ጻፉበት፤ አትጣሉት፤ ከዓመት በኋላ ከሚቀጥለው ጋር ታስተያዩታላችሁ።