አባታችን የሠሩት ትንሽ ማጀት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ግድግዳዋን ልታስመርግ ጭቃ ከጭድ ጋር ስታስቦካ፣ ሽታው በመስኮቴ ገብቶ ከተቀመጥኩበት ሳያስነሳኝ እስቴ አደረሰኝ፤ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ፣ ገብሱ ከደጃፋችን ጀምሮ እስከ ገደሉ አፋፍ ይወዛወዝ ወደነበረበት ወደ አባቴ ቤት፣ በጃንሆይ ዘመን።

እናታችን የሞተችው በክረምት መግቢያ ነበር። ታናሽ እህቴ አንጓች ገና አፏን እየፈታች ነበርና እናቷን ፈልጋ ፈልጋ ስታጣ መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥሎም እህል እምቢ አለች። ወተት ሲያቀርቡላት ፊቷን ታዞራለች፤ በሶ ቢያጎርሷት በጉንጯ ይዛው ትውላለች። ጠበል ተወሰደች፣ አክስቶቻችን ተፈራርቀው አባበሏት፤ እሷ ግን እንደ ጧፍ እየቀለጠች ሄደች።

አንድ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሳ ደጃችንን ሲያለብሰው፣ አባታችን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃ ሲረግጡ አየኋቸው። ውኃ ሲጠማቸው እንኳ ማጀት ገብቶ መቅዳትን እንደ ነውር የሚቆጥሩት አባቴ፣ ከጎተራው ጥግ ከጉልበት የማያልፍ ግድግዳ አቆሙ፤ ሦስት ጠጠር ጎለቱ፤ እንቁላል የምታክል ማሰሮና ከሷም ያነሰች ድስት ጠፍጥፈው የቅል ስባሪ ከደኑላት።

ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ በአጥሩ ላይ አየቻቸውና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ኧረ በማርያም! አያ ደምሴ፣ ወንድ ልጅ ጉልቻ ሲጎልት በእርስዎ አየሁ!»

«እኔ ምን አገባኝ» አሉ አባቴ ቀና ሳይሉ፤ «ባለቤቷ አንጓች ናት። እኔ ጭቃ አቡኪ ነኝ።»

አንጓች ስሟን ስትሰማ ከቀሚሴ ኋላ ብቅ አለች። ቀስ ብላ ቀረበች፤ ድስቷን ነካች። ከዚያም ቁጢጥ ብላ ጭቃ በስንጥር አማሰለችና በቅጠል አቅርባ «ብላ» አለቻቸው፤ አንቱ ማለት ገና አልለመደችም። አባታችን የበሉ መስለው ከንፈራቸውን አጣጣሙ። እጃቸውን ተለቃልቀውም እውነተኛ የገብስ ቂጣ ቆርሰው ቅጠሉ ላይ አኖሩላት።

«ባለቤቷ ሳትቀምስ እንግዳ አይበላም።»

አንጓች ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። ቀመሰች። ዋጠችም። አባታችን ፊታቸውን ወደ ጎተራው አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ክረምቱን ሙሉ በየጠዋቱ «ቤቶች!» እያሉ ጎንበስ ብለው እንግዳዋ ሆኑ፤ መስከረም ሲጠባ ጉንጯ ሞልቶ ከሜዳው አበባ ጋር ትሯሯጥ ነበር።

ዛሬ አባቴም እትዬ ዘርፌም የሉም። ጎተራው የነበረበት ቦታም ታርሷል። አንድ ቀን አንጓችን፣ አሁን የልጅ ልጅ ያየችውን፣ ያን ነገር ታስታውሰው እንደሆነ ጠየቅኋት። ፊቷ በራ።

«እማዬ የሠራችልኝን ማጀት? እንዴት እረሳለሁ!»

ከእናታችን የቀራት ትዝታ እሱ ብቻ ነው፤ እንዴት ልቀማት? «ደግ ነበረች» አልኳት። አባባም ቢሰሙ አይከፋቸውም ነበር። ግን እኔ ያለፍኩ ዕለት፣ ያን ጠዋት በጉሙ ውስጥ ያደረጉትን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አይኖርም።