የምህረቱ የስድብ መዝገብ

ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከረዳቱ ጋር ተጣሉ።

"ልጄ ቤት አውርደኝ" ይሉታል።

"እማማ፣ ልጅዎ ቤት ፌርማታ የለውም" ይላቸዋል።

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ልጃቸው ማን እንደሚባል ስንጠይቃቸው ዘርአ ዳዊት ይባላል፣ ዘበኛ ነው፣ ጠባሴ ነው የሚኖረው አሉ። ማንም አላወቀውም።

ከኋላ ወንበር አንድ ቀጭን ሰው አንገቱን አሰገገና፣ "እማማ፣ ስሙን ይተዉት። ሰው ምን ብሎ ነው የሚሰድበው?" አላቸው።

አሮጊቷ ተቆጡ። ትንሽ ቆይተው ግን በለሆሳስ፣ "አፉ ሰፋ ስለሚል..." ማለት ጀመሩ።

"አፎ!" አለ ሹፌሩ ከፊት። "አፎ የእርስዎ ልጅ ነው እንዴ? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ቤቱ!"

ቀጭኑ ሰው የአሮጊቷን የባቄላ ጆንያ ትከሻው ላይ ጥሎ አብሯቸው ወረደ። ረዳቱ፣ "አንተ የከፈልከው እስከ መናኸሪያ ነው!" ብሎ ሲጮህበት፣ "የቀረውን አንተ ሂድበት" አለውና አሮጊቷን በጭቃው ውስጥ እየደገፈ ሄደ።

በሳምንቱ ስልኬ ቻርጅ አላደርግ ብሎኝ ተፈናቃዮች ከሚኖሩበት መጠለያ አጠገብ ወዳለች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ብሄድ፣ ያ ሰው ቁጭ ብሎ ስልክ ይፈታል። ምህረቱ ይባላል። ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅሎ ከመጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። እዚያ ገበሬ ነበር። ስልክ መጠገን የተማረው እዚህ መጥቶ ነው፤ "ብዙ ስልክ ገድዬ" ይላል እሱ። ስልኬን አዳነልኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እየተቀመጥኩ መጫወት ልማዴ ሆነ።

ምህረቱ እናቱን ይፈልጋል። በሽሽቱ ቀን እናቱን በቅሎ ላይ አስቀምጦ ይዟቸው ቀድሞ የሄደው መቀናጆው ነው። ሁለቱም አንድ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው፤ አጣምረው ዐሥራ አራት ዓመት በተራ አርሰዋል። መቀናጆው ቶሎ ግንፍል ስለሚል በርበሬ ይሉታል። በርበሬ ስልክ አልነበረውም፤ የምህረቱም መንገድ ላይ ጠፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሁለቱም ወሬ የለም። ከመንደራቸው እዚህ መጠለያ የደረሱት ምህረቱና ሚስቱ ፍቅርተ ብቻ ናቸው። ሌላው ነዋሪ ከሌላ ከሌላ መንደር የመጣ ነው።

ሰው ሁሉ የጠፋበት ስላለው ምህረቱ ድረ ገጽ ሠራ፤ በስልክ፣ በነጻ፣ ዩቲዩብ እያየ። ስሙን "የተፈናቃይ ወገኖች መረጃ ማሰባሰቢያና ማፈላለጊያ ማዕከል" አለው።

"ያን ስም ሳወጣ ማኅተም የያዝኩ መስሎኝ ነበር" አለኝ። "በአምስት ወር አርባ ሰው አየው። ሠላሳው እኔ ነኝ። ዐሥሩ ሪፖርት የሚጽፉ የእርዳታ ሠራተኞች ናቸው።"

"ምኑ ላይ ነው የተሳሳትከው?"

"እትዬ፣ ጎግል ማለት እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። በሰጡት ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። ቃሉ ገጽዎ ላይ ከሌለ 'የለም' ይልና ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። ልጁ የጠፋችበት ሰው 'ማሰባሰቢያና ማፈላለጊያ' ብሎ ይጽፋል? ሰይጣን እንኳ በዚህ በር አይገባም።"

ዓይኑን የገለጠችለት ወለተሐና የምትባል ሴት ናት። የልጇን የክርስትና አባት ፍለጋ ሱቁ ድረስ መጣች።

"ስሙ ማነው?"

"ጉማሬ።"

"የመዝገብ ስሙ?"

"እኔ ምን አውቄ! ልጄን ክርስትና ያነሳው ጉማሬ ነው።"

ጉማሬ እስከ አያቱ በሙሉ ስም ተጽፎ፣ ከነስልክ ቁጥሩ፣ ገጹ ላይ አምስት ወር ተቀምጧል። መዘዞ ከተማ ድንጋይ ይፈልጣል። ወለተሐና ከምህረቱ ስልክ ላይ ሁለት ጊዜ አንብባ አልፋዋለች። ምህረቱ ገጹ ላይ ወዳሉት ቁጥሮች አንድ በአንድ እየደወለ "ጉማሬ አንተ ነህ?" ሲል ቆይቶ ሲያገናኛት ሱቁ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ቀጥላም ጉማሬን እስኪበቃት ሰደበችው።

በማግስቱ ምህረቱ የማዕከሉን ስም ሰርዞ "እገሌ የት ነው?" አለው። በየድንኳኑ እየዞረ ቅጽል ስም ለቀመ። ሦስት ጥርስ። ቀብድ በላ። የለቅሶ ቤት ድመት። በወር ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ከነስድቡ ገባ። ተመልካቹ በአንድ ጊዜ ሲግተለተል ምህረቱ ተደሰተ። ገጹ ግን ሰዎች ምን ጽፈው እንደመጡ የሚያሳይበት ቦታ አለው። ያንን ሲከፍት፣ ግማሾቹ "ጉማሬ ምን ይበላል" ብለው የጠየቁ ተማሪዎች ሆነው ተገኙ። የቤት ሥራቸውን ሊሠሩ መጥተው መዘዞ ካለ ድንጋይ ፈላጭ ጋር ተገናኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ስድብ አጠገብ የትውልድ መንደሩን ስም ይጨምራል። ተማሪዎቹ ቀሩ። የተፈለጉት ሰዎች መጡ።

ሁሉም ግን አልወደደለትም። አቶ ወልደአረጋይ የሚባሉ የመጠለያው ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

"ምን ብለህ ነው የጻፍከኝ?"

"እንቅልፉ ብዬ ነው ጋሼ።"

"ለዓለም ሕዝብ? አንሳው!"

ሳያነሳው፣ ከአንኮበር አንድ የድሮ ጎረቤታቸው እንቅልፉን አገኘሁት ብሎ ደወለ። ሽማግሌው እንደገና ዱላቸውን ይዘው መጡ። "በደማቁ ጻፈው" አሉ።

እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ በሆዴ አመሰግን ነበር። እግዚአብሔር ሰውን በስሙ ጠራው የሚለውን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በስድቡም እንደሚጠራው አላሰብኩም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ፍቅርተ ምሳውን ይዛ መጥታ ሦስታችን ተቀምጠን ሳለ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የእናቱ ስም አለ። "በርበሬ"ም ከነመንደሩ አለ። የምህረቱ ስም ግን የመዝገብ ስሙ ብቻ ነው።

"ምህረቱ፣ በርበሬ በርበሬን ይፈልጋል እንዴ?" አልኩት።

"እንዴት ማለት?"

"ሰው ራሱን አይፈልግም። እሱ የሚጽፈው ያንተን ነው። አንተን ምን ይልሃል?"

ምህረቱ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። ፍቅርተ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

"ንገራቸው" አለችው።

"ዝም በይ።"

"ልጥራህ?"

ነገሩ ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። ምህረቱ ጎረምሳ ሳለ አመሻሹ ላይ ጅብ ተከተለኝ ብሎ እየጮኸ መንደሩን በሙሉ አስወጣው። ሰው ዱላና ገጀራ ይዞ ሲደርስ፣ ከኋላው የቆመው እናቱ የጠፋችበት ጥጃ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥጃ ነው። በርበሬም በዐሥራ አራቱ ዓመት አንድ ቀን ምህረቱ ብሎት አያውቅም፤ የመዝገብ ስሙን ማወቁንም እንጃ።

"እትዬ፣ አገሬን አጣሁ፣ በሬዬን አጣሁ፤ ያተረፍኩት ጥጃ መባሌ መቅረቱን ብቻ ነው" አለ። "እዚህ አቶ ምህረቱ እባላለሁ። ኮሚቴ ሊያደርጉኝ ነው! ደግሞስ ጥጃ ብዬ ብጽፍ የሚደውልልኝ የከብት ነጋዴ ነው።"

"የመንደሩን ስም ጨምርበት።"

ፍቅርተ ስቃ ስታበቃ ዓይኗን ጠረገች። "እማማ ሰባ ስምንት ዓመት ሆናቸው፣ አንተ" አለችው፤ አሁን እየሳቀች አልነበረም።

ስልኩን አነሳ። ጻፈ፤ አጠፋ፤ እንደገና ጻፈ። የመንደሩን ስም ጨመረበት። ገጹ ላይ ሲወጣ ሦስታችንም አየነው።

ከዚያ ቁጥሯ ገጹ ላይ የተጻፈውን ትንሿን ስልክ ከመሳቢያው አወጣና እጄ ላይ አስቀመጣት።

"እስከ ዛሬ እንዳልጽፈው የያዘኝ ሀፍረቱ ብቻ አይደለም" አለ፤ ፍቅርተን ሳያይ። "እትዬ፣ ይህቺን ለጥቂት ቀን እርስዎ ይያዙልኝ። በርበሬ ከደወለ ሃሎ አይልም፣ እንደ ጥጃ ነው የሚጮኸው፤ እንዳይደነግጡ። ሌላ ነገር ሳያወሩ እናቴን ይጠይቁልኝ። ካለች ሮጠው ያምጡልኝ። ከሌለች ግን... ከሌለች የትና መቼ እንደሆነ በደንብ ይስሙልኝና፣ ቀስ ብለው መጥተው እርስዎ ይንገሩኝ። ያደርጉልኛል?"