ጥላ ውስጥ ያቆየናቸው ብረቶች

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገር ስለሚያሳፍረኝ ግን ይህን መጻፍ ይሻለኛል።

አባቴ ጂንካ ገበያው አጠገብ የቤት መሥሪያ ዕቃ ይነግድ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ፣ አስመጪው ሳያነሳው የቀረ ዕቃ በጉምሩክ ጨረታ ገዛ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ የመስኮት ብረት መስሎታል። ግቢያችን ውስጥ ሲፈታ ነጭ፣ ሸንተረር ያለው፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት ወጣ፤ አሥራ ሁለት። ጎረቤታችን የነበረ መምህር ጽሑፉን አነበበልን። ከቱርክ የመጣ ነው። በብርድ አገር ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሙቅ ውሃ በውስጡ እየዞረ ክፍሉን ያሞቃል።

"ጂንካ ላይ የሙቀት ነጋዴ!" አለች ፊት ለፊታችን ልብስ የምትሰፋው ሴትዮ። "ቱርሚ በረሃ ውሰዳቸዋ፤ እዚያ ሰዉ በብርድ አለቀ!"

አባቴም አብሮ ሳቀ። "ሳቂ፣ ሳቂ! ደጋ ላይ ሆቴል የሚሠራ ሰው አይጠፋም።"

አንዱን ለናሙና አስጭኖ በአይሱዙ ሄደ። ሲወጣ፣ "ፀሐይ እንዳይመታቸው። ቀለማቸው ከተላጠ የሚገዛኝ የለም" አለኝ። ሾፌሩ ሶዶ ላይ በደህና እንዳወረደው ነገረን። ከዚያ ወዲያ አየሁት የሚል ሰው አላገኘንም።

እኔና እማዬ የቀሩትን አሥራ አንዱን ጥላውን እየተከተልን፣ ጠዋት ከአንዱ ግድግዳ፣ ከሰዓት ወደ ሌላው እናዛውር ነበር። ዓመት አለፈ፤ ሌላም። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውለን ረሳናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከውጭ ጠቅ አለ። ዝም። ከዚያ ጠቅ፣ ጠቅ። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ የቆርቆሮውን በር በቁልፍ የሚመታው ልክ እንደዚያ ነበር። እማዬ ጎመን የምትከትፍበትን ቢላዋ እንደያዘች ሮጣ በሩን ከፈተች። መንገዱ ባዶ ነው። ብረቶቹን ነካኋቸው፤ ሲቀዘቅዙ ነው የሚጮኹት። ነገርኳት። ሰምታኛለች፤ በሩን ግን አልዘጋችም።

ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቀን፣ ጥላ ውስጥ የተውኩትን አንዱን ብረት ፀሐይ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ሳምንት ብየዳ ቤት ያለው ሰውዬ መጣ። "ዝገው ሳያልቁ ስጡኝ፤ ቆራርጬ በር እሠራባቸዋለሁ" አለ። ከሰጠነው፣ አባቴ አይመጣም ማለታችን ነው። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን። እሱ ግን ጋሪ ይዞ እንደሚመለስ ነግሮን ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ጋሪው በራችን ላይ ሲቆም እማዬ እጄን ያዘችኝ።

"ይውሰዳቸው" አለችኝ በአፍ መፍቻዋ በአሪኛ፣ ቀስ ብላ። "አንዱን ግን አስቀሪልኝ። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ።"