በሳሙና ያጠብኩት ሽጉጥ

በዚህ ቤት ከልቤ የጠላሁት ዕቃ ቢኖር የባባ ሽጉጥ ነበር። ባባ የምላቸው ሙስካት፣ አል ጉብራ ሰፈር የምሠራበት ቤት አባወራ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ወታደር። ሽጉጡ አልጋቸው አጠገብ መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይተኛል። ጥይቱን ልጃቸው፣ ማዳሜ፣ ወስዳ ቆልፋበታለች። «ጥይት ማፊ፣ ባዶ ነው» ትለኛለች። ለእሷ ማለቱ ቀላል ነው። እኔ ወሎ ላይ ታናሽ ወንድሜን ጥይት ነው የወሰደብኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ያንን መሳቢያ የምወለውለው ፊቴን አዙሬ ነበር።

ከዚያ ባባን ስትሮክ መታቸው። እግራቸውም ምላሳቸውም ተርፎ ቀኝ እጃቸው ብቻ ጭናቸው ላይ ተጋድማ ቀረች። እዚህ አገር በግራ እጅ መብላት ነውር ነው፤ ስለዚህ ላጎርሳቸው ተቀመጥኩ። አፋቸውን ግጥም!

«እኔ ሕፃን ነኝ?»

«ባባ፣ እኛ አገር ሰው የሚጎርሰው ስለሚወደድ ነው።»

ማን ሰምቶኝ! ትንሽ ውጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እጅዎ እንዲበረታ ይጨብጧት ተብላ የተሰጠቻቸውን የጎማ ኳስ ወረወሯት። ሥጋቸው እያለቀ ሄደ። በእልህ ጦማቸውን ውለው ሊሞቱብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ዒድ ሲቃረብ ማዳም «ቤቱ ከላይ እስከ ታች ይጽዳ» አለች። እኔ ደግሞ ይጽዳ ከተባለ አላስተርፍም። መሳቢያውን ስገለብጥ ጨርቁ ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ሽጉጡም ያሙለጨልጫል። ቆሻሻ መሰለኝ። በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ወጥ ቤት ወሰድኩትና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ፈትጌ፣ በሙቅ ውሃ አለቅልቄ ከማንኪያዎቹ ጎን ደፋሁት፤ ማታ ወደ መሳቢያው መለስኩት። እልሄንም አብሬ የፈተግሁ ይመስል ቀለል አለኝ።

የሙስካት አየር ጨው ነው፤ ለካ ሽጉጡን ከዝገት የሚጠብቀው ያ ቅባት ነበር። በማግሥቱ ባባ መሳቢያውን ሲከፍቱ ሽጉጡ ዝጓል።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«በሳሙና አጥቤው ነው፣ ባባ።»

ኻላስ፣ አበቃ፣ ዛሬ ወደ አገሬ ተሳፈርኩ ብዬ ቆምኩ። አፈጠጡብኝ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከታመሙ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቁ። «ወላሂ፣ ከሩዙ ጋር አለመቀቀልሽም ደግ ነው! ያላ፣ ዘይትና ጨርቅ አምጪ፣ እናድነው።»

አልጋው ላይ ጋዜጣ ዘረጋሁ። እኔ ይዤላቸው እሳቸው በግራ እጃቸው ፈታቱት፤ ዝገቱን እኔ ወለወልኩ። መልሶ ለመግጠም ግን ውስጡ ያለችውን ሞላ አፍኖ የሚይዝ ሌላ እጅ ያስፈልግ ነበር። እጄን ስዘረጋ ገፉት። «ተዪ፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው» ብለው ያችን የተኛች ቀኝ እጅ ጎትተው አመጧት። ጣቶቻቸው ተንቀጠቀጡ፣ ሞላዋ ተስፈንጥራ አመለጠች። ኳሷን የወረወሩት ሰውዬ ሞላዋን ከአልጋ ሥር ደጋግመው አስለቀሙኝ።

ዝገቱ በቶሎ ለቀቀ። እኛ ግን በየቀኑ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት መልስ፣ መፍታትና መግጠሙን አልተውንም። ቀስ በቀስ እኔም ያንን ብረት በሙሉ መዳፌ መያዝ ጀመርኩ። «ወዳጃችን እንዴት ዋለ?» እያልኩ እገባለሁ። ወንድሜን አልረሳሁም፤ የጥይት ድምፅ ዛሬም ያመኛል። ይሄኛውን ሽጉጥ ግን ወደድኩት። አላህ ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ?

አንድ ጁምዓ ምሳ ይዤ ገባሁና እንደ ልማዴ ላጎርሳቸው ስል እጄን መለሱት። ቀኝ እጃቸው ወደ ሩዙ ወረደች። ግማሹ ደረታቸው ላይ እየተበተነ እንደምንም ጠቀለለች። ወደ አፋቸው ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ መጣች።

«ጉረሺ፣ ቢንቲ፣ ልጄ» አሉኝ። «እናንተ አገር እንዲህ ነው አላልሽኝም?»

ዕንባዬ እየወረደ ጎረስኩ። አልሐምዱሊላህ ልል ብፈልግ አፌ ሩዝ ሞልቶ ነበር።